ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ዱባይ ላለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት መምህራንና ሠራተኞችን መመልመል

በዱባይ የእንግሊዝን፣ የአሜሪካን ወይም የዓለም አቀፉን ባካሎሬት ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች በራቸውን የሚከፍቱት በኦገስት መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያ ጧት ሦስተኛ «ለ» ክፍል ሃያ አራት ልጆች ተቀምጠው መምህር ከሌላቸው ጥፋቱ የኦገስት አይደለም፤ ያለፈው ዓመት የኖቬምበር ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ በርካታ የቅጥር ወቅቶችን አሳልፌአለሁ። ጥሩ መምህር በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ ሲያመልጠን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ያመለጡን ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ወራት፣ በቀን መቁጠሪያና በማኅተም ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን አሠራር ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይከተሉት። ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኩት ውሉም፣ ቪዛውም፣ ደመወዙም የሚሄደው በዚያው ስለሆነ ነው።

1. በኖቬምበር፦ ማን እንደሚሄድ ይወቁ

የመጀመሪያው ሥራ ያለው ሰው ይቆይ ወይም ይሂድ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የመምህራን ውል አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ውላቸው በሚቀጥለው ክረምት ለሚያበቃ ሁሉ የሐሳብ ማሳወቂያ ቅጽ ይስጡና እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ተሞልቶ እንዲመለስ ያድርጉ።

ችግሩ ሰው እውነቱን አለመጻፉ ነው። «እሄዳለሁ» ያለው መምህር በማግሥቱ ከስብሰባ እንዲቀር ሲደረግ፣ ጥሩው ክፍል ሲወሰድበት ያየ ባልደረባው በሚቀጥለው ዓመት «እቆያለሁ» ብሎ ይፈርምና በሜይ መልቀቂያውን ያስገባል። ቀድሞ የተናገረን ሰው በክብር የሚሸኝ ትምህርት ቤት የመረጃ ችግር የለበትም።

ቅጾቹ ሲመለሱ ክፍት መደቦቹን አንድ በአንድ ይጻፉ። «የሳይንስ መምህር» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ለባካሎሬት ዲፕሎማ (ለዩኒቨርሲቲ ለሚያበቃው የመጨረሻ ሁለት ዓመት ትምህርት) ፊዚክስ የሚያስተምር ሰውና ሰባተኛ ክፍል ላይ አጠቃላይ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው በአንድ ማስታወቂያ አይገኙም። የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች ዓመታቸውን የሚጀምሩት በኤፕሪል ነውና እዚያ የሚሠሩ ከሆነ ሁሉንም ነገር በአምስት ወር ገደማ ቀድመው ይጀምሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በወረቀት ጽፈው ግድግዳዎ ላይ ይለጥፉ። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን መልቀቂያ የሚያስገቡባቸው ቀኖች የታወቁ ናቸው፦ በዲሴምበር ማብቂያ ለመልቀቅ እስከ ኦክቶበር 31፣ በኤፕሪል ማብቂያ ለመልቀቅ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ በኦገስት ማብቂያ ለመልቀቅ እስከ ሜይ 31። ጁን 5 ቀን የቅጥር ደብዳቤ የላኩለት መምህር ቢወድዎትም ሊመጣ አይችልም። ይምጣ ካሉት ደግሞ ውሉን አፍርሶ ይመጣል፤ ውል አፍርሶ የመጣ ሰው የእርስዎንም ውል ማፍረስ አያስቸግረውም።

2. በዲሴምበር፦ ማስታወቂያውን ከነደመወዙ ያውጡ

«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለው የአገራችን የጋዜጣ ማስታወቂያ ልማድ እዚህ ቢቀር ይሻላል። ከኬፕ ታውን ወይም ከማንቸስተር ቤቱን ነቅሎ የሚመጣ ሰው ቁጥሩን ሳያይ ጊዜውን አያባክንም፤ የሚያባክነው ሌላ አማራጭ ያጣው ነው።

የሚጻፈው የሚከተለው ነው፦ መነሻ ደመወዙ (አበል ያልተጨመረበት ዋናው ደመወዝ) በድርሃም፤ ቤት ይሰጣል ወይስ የቤት አበል ይከፈላል፤ የዓመት የአየር ቲኬት ለስንት የቤተሰብ አባል፤ የጤና ኢንሹራንስ፤ ለመምህሩ ልጆች በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስንት ቦታ በምን ያህል ቅናሽ። ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን ስለተሳሰረ፣ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው፣ አመልካቹ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል። በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር እንደሌለም ይጨምሩ። ሁሉም ያውቀዋል ብለው አይተዉት።

መነሻ ደመወዝና አበል ተለያይተው ይቀመጡ። ምክንያቱም አንድ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤሚሬቶች የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 33 ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ ይላል። መነሻው 9,000 ድርሃም የሆነ መምህር የቀን ደመወዙ 300 ነው፤ በሃያ አንድ ሲባዛ 6,300፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲወጣ 12,600 ድርሃም ይይዛል ማለት ነው። ጠቅላላውን ደመወዝ አሳብጦ መነሻውን ግን ዝቅ ያደረገ ውል ያየ አስተዋይ አመልካች ምን እንደተፈለገ ይገባዋል።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። ለአንድ ዓይነት ሥራ፣ ለአንድ ዓይነት ዲግሪና ልምድ በፓስፖርት ቀለም የሚለያይ ደመወዝ የሚከፍሉ አሉ። ወላጅ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ መምህር ነው ይሉዎታል። ወላጅ የሚፈልገው ልጁ ማንበብ እንዲችል ነው። የደመወዝ ስኬሉን በዲግሪ፣ በማስተማር ፈቃድና በአገልግሎት ዘመን ይሥሩና ለሁሉም አንድ ያድርጉት፤ ሁለት ሰዎች በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና እየጠጡ የደመወዝ ወረቀታቸውን ሲያነጻጽሩ የሚፈጠረውን ነገር በኋላ ማንም አይጠግነውም።

በማስታወቂያው ግርጌ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከአመልካች ምንም ዓይነት ገንዘብ እንደማይጠይቅ ይጻፉ። ቀጣሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው ላይ እንዳይሰበስብ ሕጉ ይከለክላል። በትምህርት ቤቶች ስም የሐሰት የቅጥር ደብዳቤ እየላኩ «የቪዛ ክፍያ» የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ስላሉ ያቺ አንድ መስመር ብዙ ሰው ታድናለች።

3. የት ይፈለጋል?

እንደ ሰርች አሶሺየትስ ያሉ አገናኞች በየዓመቱ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ አካባቢ በትልልቅ ከተሞች የቅጥር ትርዒት ያዘጋጃሉ። የሆቴል አዳራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፤ አመልካቾች ተሰልፈው የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይይዛሉ። ርእሰ መምህሩ ራሱ መሄድ አለበት። የሰው ኃይል ሠራተኛ ብቻ ከተቀመጠ ሰልፉ ያጥራል፤ መምህር መስማት የሚፈልገው አለቃው ከሚሆነው ሰው ነው።

ከትርዒቱ በፊት ግን አጠገብዎን ይዩ። የትዳር ጓደኛውን ሥራ ተከትሎ ዱባይ የመጣ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ቤት የማይጠይቅ መምህር በከተማው ውስጥ አለ። የዓረብኛና የእስልምና ትምህርት በግል ትምህርት ቤቶች ግዴታ ስለሆኑ ለእነዚህ መደቦች ደግሞ ፍለጋው የሚያመራው ወደ ግብፅና ዮርዳኖስን ወደ መሳሰሉ አገሮች ነው፤ የነዚህ መምህራን ማስታወቂያ በዓረብኛ ይውጣ።

4. ማመልከቻውን ሲያነቡ

ክፍተት ይፈልጉ። ከሥራ ወደ ሥራ ባሉት ቀኖች መካከል ያልተነገረ ሰባት ወር ካለ ይጠይቁ፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ የወሊድ ወይም የታመመ ወላጅ ማስታመም ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንድ የተለየ ማሳሰቢያ፦ ኢትዮጵያዊ አመልካች ሲመጣ በዲግሪው ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። 2005 ተመርቆ 2013 ሥራ የጀመረ የሚመስል ሰው ስምንት ዓመት ጠፍቶ ሳይሆን በዚያው ዓመት ከዲግሪ ወደ ሥራ የገባ ሊሆን ይችላል። አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያው ማጣሪያ ወጥቶ ነበር፤ ፋይሉን ከወደቁት መካከል ያነሣሁት በአጋጣሚ ነው።

5. ቃለ መጠይቁ

በቪዲዮ ይሁን በአካል ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። የትምህርት ዘዴ ጥያቄውን የትምህርት ክፍል ኃላፊው ያውቅበታል፤ እኔ የምጨምረው አንዱን ነው፦ «አንድ የአሥር ዓመት ልጅ መጥቶ ‹አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ግን ለማንም እንዳይናገሩ› ቢልዎት ምን ይሉታል?»

ጥሩ መምህር ምስጢር ለመጠበቅ ቃል አይገባም። ልጁን ያዳምጣል፣ መልሱን እየጠቆመ አይጠይቅም፣ የልጁን ቃል በራሱ በልጁ አባባል ይጽፋል፣ በዚያው ቀን ለሕፃናት ደኅንነት ኃላፊው ያስረክባል። «እኔ ራሴ አጣራለሁ» ወይም «ወላጆቹን እጠራለሁ» የሚለው መልስ የክፋት ምልክት አይደለም፤ ሥልጠና እንደሚጎድለው ግን ይነግርዎታል። «ልጆች ብዙ ነገር ይፈጥራሉ» ብሎ የሳቀ ካለ ቃለ መጠይቁን በትሕትና ይዝጉት።

6. የሕፃናት ደኅንነት ማጣራት፦ የማይታለፈው ደረጃ

ዊሊያም ቬይሂ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ወንጀል ተፈርዶበት ነበር። ይህም ሆኖ ከ1972 እስከ 2014 በዘጠኝ አገሮች፣ ከቴህራን እስከ ጃካርታ፣ ከለንደን እስከ ማናጓ፣ በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። የተደረሰበት የቤት ሠራተኛው በወሰደችው ፍላሽ ውስጥ የነበሩት ፎቶግራፎች ከታዩ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሞተ። በዚያው በ2014 ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችን የሚያሰባስቡ ድርጅቶች የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ ዛሬ የምንከተለው ጥብቅ ማጣራት በአብዛኛው የዚያ ድንጋጤ ውጤት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አመልካቹ ላለፉት አሥር ዓመታት ከኖረባቸው አገሮች ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ፤ ከአገሩ ብቻ አይበቃም። በእንግሊዝ ለኖረ ሰው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ጥበቃ ማረጋገጫ የሚባለው አለ፤ ለአሜሪካዊ የኤፍቢአይ የጣት አሻራ ማጣሪያ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ የፌዴራል ፖሊስ ማስረጃ። ነገር ግን ወረቀት የሚናገረው የተያዘውን ሰው ብቻ ነው። ያልተያዘውን የሚናገር ካለ የቀድሞ አለቃው ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ምስክሮች ይጠየቁ፤ አንዱ የግድ አሁን የሚሠራበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይሁን። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር፣ አመልካቹ ራሱ ይዞት የሚመጣ ደብዳቤ አይቆጠርም። ኢሜይሉ ከትምህርት ቤቱ አድራሻ ይምጣ እንጂ ከግል አድራሻ አይሁን። ከዚያ ስልክ ይደውሉ፤ የሚደውሉበትን ቁጥር ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ይፈልጉት። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ይህ ሰው ከሕፃናት ጋር መሥራቱ ያሳስብዎታል?» እና «መልሰው ይቀጥሩታል?»

አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ የጠየቅኋቸው ርእሰ መምህር ጥቂት ዝም አሉና «የሠራባቸውን ቀኖች ላረጋግጥልዎት እችላለሁ» አሉኝ። ጥያቄውን ደገምኩላቸው። «ቀኖቹን ላረጋግጥልዎት እችላለሁ» አሉ እንደገና፣ በዝግታ። በጽሑፍ የመጣው ምስክርነት ግን ምስጋና ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ «የሰው እንጀራ አልዘጋም» የሚባል ደግነት አለ፤ ለካ ሌላውም አገር በሌላ ስም አለ። ያንን ሰው አልቀጠርነውም።

ማጣራቱ ሳይጠናቀቅ ማንም ሰው፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ ብቻውን ከልጆች ጋር ክፍል አይገባም።

7. ከማርች እስከ ጁን፦ ወረቀቱ

የቅጥር ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ሰዎች እፎይ ይላሉ። ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው፤ በዱባይ መምህር ለመሆን የእውቀትና የሰው ልማት ባለሥልጣን ይሁንታ ያስፈልጋል፣ ባለሥልጣኑም ሆነ የቪዛው ሂደት የሚጠይቀው የተረጋገጠ ዲግሪ ነው።

የእንግሊዝ ዲግሪ በመጀመሪያ በጠበቃ ወይም በውል አዋዋይ ይረጋገጣል፣ ወደ እንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ለንደን ወዳለው የኤሚሬቶች ኤምባሲ፣ በመጨረሻ እዚህ ወዳለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። የኢትዮጵያ ዲግሪም በራሱ መንገድ ይሄዳል፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ ያለው የኤሚሬቶች ኤምባሲ። አንዱ ማኅተም ከጎደለ የሚቀጥለው መስኮት ወረቀቱን አይቀበልም፤ በሌላ አገር ሆኖ የጎደለውን ማስሞላት ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በፖስታ ከመሄዱ በፊት የእያንዳንዱን ሰነድ የፊትና የጀርባ ፎቶግራፍ ያስልኩ። ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ያለው በጀርባው ነው።

ስም ሌላው ወጥመድ ነው። አንዲት እንግሊዛዊት የፊዚክስ መምህርት ሁሉም ወረቀቷ ተሟልቶ ሳለ ጉዳይዋ ቆመ። ዲግሪዋ በአባቷ ስም፣ ፓስፖርቷ በባሏ ስም ነበር። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ነገር በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። የጋብቻ የምስክር ወረቀቷ በዚያው በአራቱ መስኮቶች እንደገና መዞር ነበረበት፤ ሦስት ሳምንት ወሰደ። የኢትዮጵያውያን ችግር ሌላ ነው፦ ፓስፖርቱ እስከ አያት ይጽፋል፣ ዲግሪው በአባት ይቆማል፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም ደግሞ በሁለት ሰነድ ላይ በሁለት ዓይነት የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስሞቹን ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ከሆነ የጋብቻውና የልጆቹ የልደት ማስረጃም አብሮ ይረጋገጥ።

ስለ ጤና ምርመራው አስቀድመው ይንገሩ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የደም ምርመራና የደረት ራጅ አለ፤ ኤችአይቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ከተገኘ ፈቃዱ ሊከለከል ይችላል። ሰው ይህን ማወቅ ያለበት የቀድሞ ሥራውን ከመልቀቁ፣ ቤቱንም ከመሸጡ በፊት ነው። የምርመራው ዝርዝር ለሁሉም አመልካች በአንድ ዓይነት ወረቀት ይላክ እንጂ ማንንም ነጥለው አይጠይቁ።

ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜው ከስድስት ወር መብለጥ አይችልም። በሙከራ ጊዜ ማሰናበት የፈለገ ቀጣሪም ቢያንስ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል።

8. መምህር ያልሆኑት

ነርሷ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ የትምህርት ማስረጃዋ ከተማረችበት ተቋም በቀጥታ ስለሚጣራ ከመምህራኑ ቀድመው ይጀምሩላት። የአውቶቡስ ሾፌሮችና የልጆች አጃቢዎች የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ጽዳትና ጥበቃ ብዙውን ጊዜ በኮንትራት ድርጅት በኩል ይመጣሉ። የሕፃናት ደኅንነት ማጣራቱ ለእነሱም እኩል ይሠራል፤ የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ የሚይዘው መምህሩ አይደለም።

የኮንትራት ድርጅት ሲመርጡ የዋጋውን ወረቀት ብቻ አይዩ። በአንድ የጧት ኮሪደር ላይ በአማርኛ ሰላም ያልኳት የጽዳት ሠራተኛ፣ «ወንድሜ፣ የስምንት ወር ደመወዜን ለደላላ ነው የከፈልኩት» አለችኝ። በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪ የቀጣሪው ነው፤ የኤሚሬቶችም ሕግ የቅጥር ወጪን በሠራተኛ ላይ መጫን ይከለክላል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ሠራተኞቹን ብቻቸውን የማነጋገር መብት እንዲኖረው ያስገቡ፤ ከዚያም በየቋንቋቸው «ለመምጣት ስንት ከፈላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። አለቃቸው አብሮ ከተቀመጠ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው።

9. ኦገስት፦ መቀበል

አዲስ መምህራን ከነባሮቹ አንድ ሳምንት ቢቀድሙ ጥሩ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ወር፣ የመታወቂያ ካርዱ ገና አልወጣም፣ ያለ እሱ ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይቸግራል፣ የመጀመሪያው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ነው። የቤት አበል የሚከፈለው ሰው ኪራዩን በጥቂት ቼኮች የብዙ ወር አድርጎ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ለመብራትና ውኃ ብቻ ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም መያዣ አለ። ስለዚህ የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ያዘጋጁ፤ ሳይጠየቁ ይስጡ፣ ለመጠየቅ የሚያፍር ብዙ ነው።

ቤቱን ትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ባለው ምሽት ራስዎ ሄደው ይግቡበት። አንድ ዓመት ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉትን ቤተሰብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ በሩን ስከፍት መብራቱ አልተቀጠለም ነበር፤ እናትየው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ በፓስፖርቷ ልጆቿን ስታናፍስ አደረች። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ራሴ እሞክራለሁ፣ ማቀዝቀዣውን አበራለሁ፣ ፍሪጁ ውስጥ ውኃ፣ ወተትና ዳቦ አስቀምጣለሁ፤ ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጽፌ በሩ ጀርባ ላይ እለጥፋለሁ።